የትምህርት ቤቱን ካሳቫ ስለ መብላታችን

ለተከበሩ ዶን ኦስባልዶ ቴሃዳ
የከተማ ልጆች የእርሻ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ሳንቶ ዶሚንጎ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለባለቤትዎ ጤና፣ እንዲሁም ዘወትር መስታወቱን ዘግቶ ሰፈራችንን ለሚያቋርጠው መኪናዎ ማቀዝቀዣ ደኅንነት ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኔ በላ ሎሚታ ሰፈር ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር በሚዋሰን ቤት የምኖር፣ ዕድሜዬን የሌላ ሰው ጽሑፍ በማረም የፈጀሁ ጡረተኛ ነኝ። ሰሞኑን አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኝ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ስመላለስ ባለቤቴ «ወይ ጻፍ፣ ወይ ውጣልኝ» ብትለኝ ይህን ጻፍሁ። ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ ሰምቻለሁና።

አንደኛ፦ በትምህርት ቤቱ አትክልት ቦታ ስላስተከሉት የማስታወቂያ ሰሌዳ እናመሰግናለን። ከአትክልቱ ቦታ የሚበልጥ ሰሌዳ ማግኘት ለየትም ሰፈር የሚደርስ ዕድል አይደለም። ቲማቲም ይዘው ፈገግ ያሉበት ፎቶግራፍ፣ ጥላው ጎመኑን ከማቀጨጩ በቀር፣ ምንም አይወጣለትም። ትንንሾቹ ልጆች ግን እዚያ የተተከሉት እርስዎ መስለዋቸው ለብዙ ጊዜ የሰሌዳውን እግር ውሃ ሲያጠጡ ነበር።

ሁለተኛ፦ የልጆቹ እጅ አፈር እንዳይነካው አስበው ለመለማመጃ የላኩልን የፕላስቲክ ካሮትም ደርሶናል። እንደ መመሪያው ቀበሩት፣ እንደ መመሪያው አወጡት። ዊልመር የሚባል የሁለተኛ ክፍል ቀበጥ አገላብጦ አየውና «እንደገባ ወጣ እኮ፤ ይሄ ሰነፍ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ የቤት ሥራውን ሳይሠራ የመጣ ልጅ ሁሉ በክፍሉ ካሮት ተብሎ ይጠራል፤ ስለዚህ ትምህርት አልተገኘበትም ማለት አይቻልም።

ሦስተኛው ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ። አምና መምህርት ሱልማ ፔራልታ «ካሳቫ ከየት ይመጣል?» ብላ ስትጠይቅ፣ የስምንት ዓመቷ ዳይሪስ «ከዶን ቹቾ ፒካፕ ነዋ» አለች። በድምፅ ማጉያ እየጮኸ በየመንገዱ አትክልት የሚሸጠው ሰው ነው። «ከዚያ በፊትስ?» ስትባል «ከዚያ በፊት ዶን ቹቾ ተኝቷል» ብላ መለሰች። መምህርቷ በማግሥቱ ሰፈሩን ለደቦ ጠራች። ገጠር ያደጉት ወላጆቻችን ኮንቪቴ ይሉት የነበረው ነው፦ አንዱ ያዜማል፣ ሌላው እየተቀበለ ይቆፍራል። ሕጉም አንድ ነው። የተከለም የቆፈረም እጅ ሁሉ አብሮ ሳይቀምስ አንዲት ሥር ከማሳው አትወጣም። ልጆቹ ካሳቫውን የተከሉት በዚህ ቃል ነው።

ካሳቫ ደግሞ እንደ ጽሕፈት ቤትዎ ቀጠሮ ነው፤ ወራት ያስጠብቃል። ዳይሪስ በየዕረፍቱ ሰዓት ግንዱ ሥር አፈር ትጭራለች፤ መምህርቷ «ተዪው የኔ እናት፣ ብርድ ይገባዋል» ስትላት፣ «አልነካውም፤ መኖሩን ብቻ ልይ» ትላለች። የላኩት ተቆጣጣሪ ግን ግንዱን ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አንሥቶ «ቅጠል እንጂ ፍሬ የለም» ብሎ ጻፈ። ልጆቹ ተንጫጭተው ፍሬው ከመሬት በታች እንደሆነ ቢነግሩት «ያልታየ አይመዘገብም» ብሏቸው ሄደ።

ከዚያ ትእዛዝዎ መጣ፤ አራተኛው እሱ ነው። ቅዳሜ ባለሙያዎችዎ መጥተው ካሳቫውን ይነቅላሉ። ልጆቹ ነጭ ቲሸርት ለብሰው ወንበር ላይ ሆነው ያጨበጭባሉ። ምርቱ በኤግዚቢሽን አዳራሽ በጽሕፈት ቤትዎ ስም ለሕዝብ ይታያል፤ በኋላም የጤና ምርመራ ስላልተደረገለት ይወገዳል። ይህን የምታደናቅፍ መምህርት ከሥራዋ እንደምትሰናበትም በትሕትና ጠቅሰዋል። መምህርት ሱልማ ለክፍሉ ስታነብ ከመስኮቴ ሰማሁ። ዳይሪስ እጇን አውጥታ «ታዲያ የእኛ ምኑ ነው?» አለች።

«ጭብጨባው» አለች መምህርቷ።

እኔም ከመስኮት ወደ በር መመላለስ የጀመርሁት ያን ጊዜ ነው። የተከለውን ወደ ቆሻሻ ሲጥሉበት ያየ ልጅ ከርሞ እንኳን ካሳቫ ፌጦ አይተክልም፤ ወደ ዶን ቹቾ ፒካፕ ይመለሳል፣ ብልህም ነው።

እናም ክቡርነትዎ፣ ይህ ደብዳቤ ዓርብ በጋዜጣ ሲወጣ ካሳቫው ትናንት ተበልቷል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ በእኔ ጓሮ በኩል፣ በአጥሩ ቀዳዳ ገባ። መምህርት ሱልማ የለችበትም። ክፍሏን ዘግታ ለባዶ ወንበሮች ስም ትጠራ እንደነበር ሁላችንም እንመሰክራለን፤ «ዳይሪስ» ስትል ከማሳው በኩል «አቤት» የሚል ድምፅ ተሰምቶ ከሆነ የነፋስ ነው። ያ ነፋስ ግንዱን ታቅፎ ሲጎትት በቂጡ ተቀመጠ፣ ሥሩም እንደ ሰው ክንድ ወፍሮ ተከትሎት ወጣ። ልጅቷ አፈሩን በቀሚሷ ጠርጋ «ይሄ ሁሉ ዝም ብሎ እዚህ ነበር?» አለች። ቀቅለን በቀይ ሽንኩርት በላነው። እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ እንጨት እንጨት ይላል፤ እሷ ግን ክሩን ሳይቀር እያኘከች «የሚቀጥለውን መቼ ነው የምንተክለው?» ስትል ዋለች።

ቅዳሜ ነው ያልናት። ካሳቫ የሚተከለው በግንዱ ስለሆነ ግንዱን ቆራርጠን ጥላ ሥር አኑረናል። ባለሙያዎችዎ እንደ ቀጠሯቸው ይምጡ፣ ወንበሮቹም ላይ ይቀመጡ፤ ልጆቹ ሲተክሉ ማጨብጨብ ለሚፈልግ ክልከላ የለም። የሚባረር ሰው ከተፈለገ ደግሞ መምህርቷን አያድክሟት፤ የእኔ ሆድ በቂ ማስረጃ ነው፣ ስሜም ከታች ተጽፏል።

በጥርሴ መካከል የቀረችውን የካሳቫ ክር በምላሴ እየፈለግሁ፣ ለመሥሪያ ቤትዎ እንደ ሰሌዳው የገዘፈ አክብሮቴን አቀርባለሁ።

ሬሚሂዮ ማንዮን
ላ ሎሚታ

ማሳሰቢያ፦ ወንበሮቹን ሊያወርድ ሐሙስ የመጣው ሾፌርዎ እጅጌውን ሰብስቦ ቆፈረ፣ ስለዚህም በላ። ለእርስዎም በሰሃን ከድነን ልናስይዘው ብንል «አለቃዬ ተክሎም ቆፍሮም ስለማያውቅ በሕጋችሁ አይገባውም» ብሎ የእርስዎንም ጨመረበት። ሕግ አክባሪ ሠራተኛ ስላለዎት እንኳን ደስ አለዎት።