አባዬ በቁሙ የተለቀሰለት ሳምንት

እማዬ፣

አርባሽን ካወጣን ሳምንት ሆነን። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ ሐዘኑ በርትቶብኝ ብቻ አይደለም፤ አፍሬ ነው።

ያረፍሽ ቀን ወንድምሽ ጋሼ ታደሰ እዚህ ፌርፋክስ መንገድ ላይ በየሐበሻ ምግብ ቤቱ መስታወት የሚለጠፍ የለቅሶ ማስታወቂያ ላሠራ ብለው ፎቶሽን ጠየቁኝ። ፈልጌ ፈልጌ ፊትሽ የሚታይበት አጣሁ። አልበሙን የሞላው አባዬ ነው፤ የቤዝቦል መምቻውን ዱላ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ዋንጫ ይዞ፣ ለሕዝብ እጁን እያውለበለበ። አንሺዋ ሁሌም አንቺ ነበርሽ። ስታዲየም ውስጥ ሌላ ሰው ያነሳሽም ቢሆን አባዬ ሊመታ ሲገባ፣ ነጠላሽን ፊትሽ ላይ ጥለሽ ነው። ኳሷ ታገኘዋለች ብለሽ እየፈራሽ አንድ ቀን እንኳ ሲመታ አላየሽውም። መታ ወይስ ሳተ የምልሽ እኔ ነበርኩ።

ጋሼ ታደሰ የአንቺ ፎቶ ሲጠፋ የአባዬን ከነማሊያው ትልቅ አድርገው አወጡት። ሰው ቤቱን እንዲያውቀው ብለው ነው አሉ። ከሥሩ የታዋቂው ቤዝቦል ተጫዋች ባለቤት አርፈዋል ይላል። ስምሽ የለም። ፎቶ አይቶ የሚያለቅስ እንጂ ጽሑፍ የሚያነብ ማን አለ!

በማግስቱ እትዬ ዘነበች ደረታቸውን እየደቁ፣ ምን የመሰለ ጀግና ቀጠፈው እያሉ መጡ። በሩን የከፈተላቸው ጀግናው ራሱ ነው። ጮኸው ወደኋላ ሊወድቁ ሲሉ ደግፎ አስገባቸው፤ ውሃም ሰጣቸው። ከእሳቸው በኋላ ስንቱ መጣ መሰለሽ። የሞተችው ሚስቱ ናት ለካ ብለው ተመስገን ያሉም አሉ። በአንቺ ለቅሶ፣ እማዬ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

አንቺ እኮ ሰው ሲሞት ቀድመሽ ደርሰሽ ጓዳ ገብተሽ ሳህን ስታጥቢ የምታመሺ ነበርሽ። አባዬን ገና ማንም ሳያውቀው፣ ዌስትቼስተር ሆቴል ውስጥ ክፍል እያጸዳሽ እሱን ልምምድ ትልኪው እንደነበር የሰማሁት ያን ሰሞን ከራሱ አፍ ነው። የእሱን የጨዋታ ታሪክ በቃሌ የምወጣው ልጅሽ፣ የአንቺን እንዲህ በለቅሶሽ ላይ ልስማ!

አባዬ ማንንም አልተቆጣም። ለአርባሽ ሌላ ማስታወቂያ አሠራ። ፎቶውን ያወጣው ከድሮ የመጫወቻ ጓንቱ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ የሆቴሉን ዩኒፎርም ለብሰሽ ትስቂያለሽ። ከሥሩ ስምሽ ብቻ። ራሱ ይዞ ወጣ፤ እኔ ፕላስተሩን ይዤ ተከተልኩት። የራሱን ፎቶ ከየመስታወቱ በጥፍሩ እየፋቀ አንቺን ለጠፈ።

አንድ የአገራችን ሰው አወቀውና ኮፍያውን አውልቆ ከእስክሪብቶ ጋር እያቀበለ ሳይን አድርግልኝ፣ ፈርምልኝ አለው። የሌላ አገር ሰው ሆኖ ከአማርኛ ሰላምታ የማያልፈው አባዬ እስክሪብቶውን ተቀብሎ፣ አንቺ ባስተማርሽው ፊደል፣ አልማዝ ብሎ ጻፈለት። ሰውየው ግራ ገብቶት ማን ናት ብሎ ወደ እኔ ዞረ። እናቴ ናት ብዬ እዚያው መንገድ ላይ ስለ ሆቴሉም፣ ስለ ነጠላውም አወራሁለት። ኮፍያውን ሳያደርግ ነው የሰማኝ።

የአገራችን ሰው ሲያገኘኝ የማን ልጅ ነሽ ማለቱን መቼም አይተውም። እስከ ዛሬ የአባዬን ስም ስጠራ፣ አንቺ አጠገቤ ቆመሽ ፈገግ ትዪ ነበር። ከእንግዲህ፣ እማዬ፣ የአልማዝ እላለሁ።

ልጅሽ