ገና ክብ የሆነው አጥንት

ሰኞ፣ ኅዳር 3፤ ጠዋት 12፡30
ዛሬም የግራ ጫማዬን መጨረሻ አሰርኩ። ጎንበስ ስል ብሽሽቴ ውስጥ ሚስማር ይገባል። ወደ ትየርኪዲ የስደተኞች ጣቢያ የሚወስደኝ የሥራ መኪና ክላክስ ያደርጋል፤ ከኢታንግ ወዲያ ያለው መንገድ ጉድጓዱን ሁሉ በዳሌዬ ያስቆጥረኛል። ከጅማ የመጣው የኤምአርአይ ውጤት ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አልከፈትኩትም። ፈሪ አይደለሁም። ለዛሬ ብቻ ይቆየኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5
ዶ/ሩ አስረዳኝ። የጭኔ አጥንት ራስ ደም አጥቶ እየሞተ ነው። (ደብተሬ፣ አንቺ አትደንግጪ፤ እኔ ለሁለታችንም ደንግጫለሁ።) ግን ገና ክብ ነው፤ አልተደረመሰም። አሁን ከበሱት ውስጡ የታመቀው ግፊት ይተነፍሳል፣ ደም መንገድ ሊያገኝ ይችላል። ላያገኝም ይችላል። ስድስት ሳምንት በክራንች። ከተደረመሰ ግን መገጣጠሚያው በሙሉ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ይገባል፤ በኔ ዕድሜ የገባ ደግሞ አርጅቶ እንደገና ይቀየራል።
ምን መድኃኒት ወስደሽ ነበር አለኝ። ምንም አልኩ። ደጅ ስወጣ ትዝ አለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6
ያቺ ነጭ ክኒን! ኦጁሉ ሲያጨኝ አክስቴ አቻላ ቀጭን ሙሽራ ታሳፍራለች ብላ የገዛችልኝ ማወፈሪያ። በወረቀት ተጠቅልላ ትመጣለች። ሰባት ወር ዋጥኩ። ጉንጬ ሞላ፣ ጎረቤት አደነቀ።
ክኒኗ የምትገዛበት ሱቅ ሄጄ ሻጩን ካርቶኑን አሳየኝ አልኩት። «ቫይታሚን ነው እህቴ፤ ደግሞስ አምሮብሽ የለ?» ራሴ ከመደርደሪያው አወረድኩ። ዴክሳሜታዞን፤ ያለ ሐኪም ለወራት ከተዋጠ የአጥንትን ደም የሚያደርቅ ስቴሮይድ። ዲግሪ አለኝ፤ አንድ ቀን ስሟን አልጠየቅኩም። ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ።
አጠገቤ አንዲት ቀጭን ልጅ ያንኑ ልትገዛ ቆማለች። ዳሌዬን እያሳየሁ ጮክ ብዬ ነገርኳት። ክኒኗን ትታ ወጣች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8
አክስቴ አለቀሰች። እሷም ቫይታሚን ነው ተብላ ነው። ውሃ እያቀበለች ያስዋጠችኝ እሷ፤ ልቆጣት ፈልጌ አቃተኝ። ዕንባዋን ጠርጋ ግን ያው ናት። ሠርጉ አምስት ሳምንት ቀረው፤ ይለፍ፣ አንድ ልጅም ይወለድ፣ ከዚያ እንታከማለን አለች። «በክራንች የገባች ሙሽራ ማን አየ?»
ዶ/ሩ ጋ ደወልኩ። ክቡ አጥንት ልጅ እስክትወልጂ አይጠብቅሽም አለ።

እሑድ፣ ኅዳር 9
ከአምልኮ በኋላ ከኦጁሉ ጋር የባሮን ድልድይ ተሻገርን። ሳልነግረው እርምጃውን አሳጠረ። ክራንች አልፈራም፣ እናቴን ነው የምፈራው አለ። ሳቅን። ከዚያ ሳቁ አለቀ፤ እናቱን እንደሚያናግር ግን አልነገረኝም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11
የቀዶ ሕክምናውን ፎርም ፈረምኩ። ሰኞ ይበሳል። «የወሰዱት መድኃኒት» በሚለው ቦታ ላይ የክኒኗን ስም በትልቁ ጻፍኩ።
ሠርጉ በቀኑ ከሆነ በክራንች እገባለሁ። ኦጁሉ ካልመጣም እሄዳለሁ፤ በራሴ አጥንት።
አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ክራንቹ ስንት ክንድ ነው ትለኛለች። ነጭ ሪባን ይዛለች።