ወደ ሰማይ ለሚያዩት ሰብሳቢያችን፣ ከመስኮታችን ሥር ስላለው ጄኔሬተር

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ጋሼ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? አንገትዎስ? ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ሲያይ የሚውል ሰው አንገቱ እንደሚዝል ስለምገምት ለእሱ የተለየ ብርታት እመኛለሁ። እኔ የአንደኛ ፎቋ ልጅ ነኝ፤ በስብሰባው ላይ እጄን ባወጣ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብለው ያስቀመጡኝ። ይህንንም የምጽፈው እንደተቀመጥኩ ነው።

በቅድሚያ ምስጋና። አውሮፕላን ከኋላው የሚተወው ነጭ መስመር ሆን ተብሎ የሚረጭብን መርዝ መሆኑን ባይነግሩን ኖሮ፣ እንደ ሞኝ ደመና ነው እያልን ልብስ ስናሰጣ እንኖር ነበር። የፊዚክስ አስተማሪዬ ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ እንፋሎት እላይ ሰማይ ባለው ብርድ በረዶ ሆኖ ነው፣ በብርድ ጠዋት ከአፋችን እንደሚወጣው ትንፋሽ፣ ብላ ያስረዳችኝን ይዤ ብመጣ፣ እሷም የእነሱ ናት አሉኝ። እነሱ እነማን እንደሆኑ ብጠይቅ ደግሞ እሱን ነው የማይነግሩን አሉ። እንዲህ ያለ ክርክር ጊዜ ስለሚቆጥብ አመሰግናለሁ።

ሥርዓት ስለሚወዱ አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ነጭ መስመር በታየ ቁጥር ደወል ይደውላሉ፤ መስኮት ሁሉ ይዘጋል፣ ጣሪያ ላይ የተሰጣ ልብስም ይነሳል። እናቴ እርጥብ አንሶላ ታቅፋ ደረጃ መውረድ ለምዳዋለች። ይህ ቀላሉ ነው።

2ኛ. ደወሉ እንደተደወለ፣ መርዙን ከግቢው ገፍተው እንዲያስወጡልን ያስተከሏቸው ትልልቅ ማራገቢያዎች ይነሳሉ። እነሱን የሚያንቀሳቅሰው ጄኔሬተር ግን የቆመው ከመኝታ ቤታችን መስኮት ሥር ነው። ጭሱ ጥቁር ነው። መስኮታችን ደግሞ ተዘግቶም ከሥሩ ጣት ያስገባል። በዚያ ክፍል የምንተኛው እኔና ታናሽ እህቴ ነን፤ እሷ አስም አለባት።

3ኛ. ሳሏን ማስረጃ አደረጉት። ስብሰባ መሃል አስቁመዋት «ይኸው፣ አውሮፕላኑ ባለፈ ቁጥር ትስላለች» አሉ፤ ጎረቤቱም ከንፈሩን መጠጠ። እውነትዎን ነው፣ ባለፈ ቁጥር ትስላለች። ባለፈ ቁጥር ጄኔሬተሩም ይነሳል። እናቴ ይህንኑ በትሕትና ብታነሳ፣ ማራገቢያው ባይኖር ኖሮ ልጅሽ ይብስባት ነበር ብለው አጽናኗት። እናቴ ታላቅ ታከብራለችና ዝም አለች። ዝምታዋም እንደ ድጋፍ ተቆጠረ።

4ኛ. ሐኪሙ ከጭስ አርቋት ስላለን እህቴን አክስታችን ዘንድ ላክናት። የአክስታችን ቤት፣ ይቅርታዎን ጋሼ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ጎን ነው። አውሮፕላኑ ከጣሪያዋ በላይ ሲያልፍ ብርጭቆዎቿ ይንጫጫሉ። ትናንት እህቴ ደውላ «እዚህ መስኮት ከፍቼ ነው የምተኛው» አለችኝ። ስታወራ አንዴም አልሳለችም። መቼ ነው የምመጣው ስትለኝ ሰብሳቢውን ልጠይቅልሽ አልኳት።

አልጋዋ ባዶ ስለሆነ እናቴ ከጣሪያ ያወረደችውን እርጥብ አንሶላ እዚያ ላይ ትዘረጋዋለች። መጀመሪያ ሰሞን ያስለቅሰኝ ነበር። አሁን አየዋለሁ፣ ከዚያ መብራት አጠፋለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ ትንሽ ናት። መስመሩ መርዝ አይደለም ብለው እንዲያምኑ አልጠይቅም፤ ሰማዩን ለእርስዎ ትቻለሁ። ጄኔሬተሩ ግን እንዲህ የሚጠቅም ከሆነ እኛ ብቻ መጠቀማችን ነውር ነውና፣ ወደ እርስዎ መስኮት ሥር ይዛወርልን። እህቴም ወደ ቤቷ ትመለስ።

አንገትዎን ከዝለት፣ ዓይንዎን ከፀሐይ ይጠብቅልዎ እያልኩ፣ ከግንባርዎ በታች ያለውን ሁሉ በእርስዎ ምትክ ለማየት ዝግጁ የሆንኩ ታዛዥ ጎረቤትዎ፣

የአንደኛ ፎቋ ልጅ

ተጨማሪ (ከለጠፍኩት በኋላ ከሥሩ የጻፍኩት)፦ ይህን ደብዳቤ መግቢያው በር ላይ ስለጥፍ እርስዎ አጠገቤ ቆመው ነበር። ያዩኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ደግነቱ አውሮፕላን እያለፈ ነበር።