ከጓንዡ እስከ ባንኮክ

ሰዓዲያ፣

ወደ ኤርፖርት እየወጣሁ ነው። ውሃ ሐሙስ ይመጣል፤ በርሜሉን ሙዪ።

እማዬ ባንኮክ ኦፕራሲዮን ስትሆን አንቺ ቻይና፣ ጓንዡ ዕቃ ትገዢ ነበር። «ከዚህ ባንኮክ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ አልደርስም» አልሽኝ። እኔም ሳላጣራ ያንኑ ነገርኳት። ብቻዋን ገባች።

ትናንት ቦሌ ትኬት ስቆርጥ፣ ከጓንዡ ባንኮክ ስንት እንደሚርቅ ቆራጯን ልጅ ጠየቅኳት።
«አንድ ሺህ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በቀጥታ በረራ ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው» አለችኝ።



እኔ ከዚህ እማዬ ዘንድ ባንኮክ ለመድረስ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ እበራለሁ።

ከጓንዡ ያመጣሽልኝን ቀሚስ አልጋሽ ላይ አድርጌዋለሁ። ልለብሰው ተጸየፍኩት።

እማዬ ዛሬም «ልጄ መንገዱ ርቆባት ነው» እያለች ታዝንልሻለች። እኔ እውነቱን አልነግራትም። ራስሽ ደውለሽ ንገሪያት።

ሳጂዳ