መቶ አርባ አንድ ነን

ልጄ አፖንዲ፣ ሰላምታዬ ሐይቃችንን ተሻግሮ ኖርዌይ ድረስ ይድረስሽ። አምላክ ከዚያ በረዶ ይሰውርሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ያሰጣሁትን ዓሣ ከወፍ ጋር እየተሻማሁ ነው። አክስትሽ አዊኖ ጥርሷን ተነቅላም አፏ አልተዘጋም።

ማክሰኞ አዲሱ የጤና ኃላፊ ኦዱንዶ ሰብስቦን ነበር። «የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት በዚህ መንደር ኤች አይ ቪ ያለባቸው ሰማንያ ነበሩ፤ ዛሬ መቶ አርባ ናችሁ! መድኃኒት ዋጡ እያለ የሚዞረው የእናቶች ማኅበራችሁ ምን ሲሠራ ከረመ? ቢዘጋ ይሻላል» አይል መሰለሽ!

አዊኖ ከኋላ፣ «አንተ ልጅ፣ ያኔ ያነስነው እየተቀበርን እኮ ነው!» ብላ ጮኸች።

እኔም ተነሣሁ። «አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ መድኃኒቱን የዋጣችሁ፣ ደስ ካላችሁ ቁሙ» ስል ከጥቂቶች በቀር ሜዳው በሙሉ ቆመ። «ያኔ በየዓመቱ ሃያ ሰው አዲስ ይያዝ ነበር፤ ዘንድሮ ሁለት ብቻ። በዚሁ ዓመት ከእኛ የተወለዱት አሥራ አንድ ሕፃናት ሁሉም ነፃ ናቸው። የታመመው ካልሞተ ቁጥሩ ወዴት ይሂድ፣ ጌታው?» አልኩት።

ኦዱንዶ የቆመውን ሰው አየ፣ ደብተሩን አየ፣ ሳቀ። «እማማ፣ ተሸንፌያለሁ። ማኅበሩ ይቀጥላል» ሲል እልልታው ሐይቁ ማዶ ተሰማ።

እሱ ባይመዘግብሽም እኔ አንቺን ጨምሬ መቶ አርባ አንድ ነን እላለሁ። ሁለት ዓመት አትሞላም የተባልሽው ልጄ፣ እንኳን ሃያ አራት ሞላሽ! እባክሽ ሥራ ቢበዛብሽም ማታ ማታ ኪኒንሽን አትርሺ፤ ቁጥሬን እንዳታጎድይብኝ። ዕድሜሽ ከእኔ ይርዘም።

እናትሽ