ተመላሽ ዳቦ

«አባዬ፣ አታስብ። ስንቅ ሞልቶናል፤ ግንባር ከወሰድነው ዳቦ እንኳ ግማሹን መልሰን አመጣነው።» ያልከኝ ይህን ነው።

ልጄ፣ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ ደህና ነን፤ የእህትህም ጥርስ ተነቅሎ ተሽሏታል። እናትህ ስለ ዳቦው ሰምታ «እሰይ፣ ጠግበዋላ! ለጎረቤትም ይላኩልን» እያለች ትስቃለች። እኔ ግን ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ አሁን አንተ በምትሾፍርበት የጦሩ ስንቅ ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ምሽግ ያለ ሰው ዳቦ አያተርፍም። በእኔ ጊዜ ዳቦ የመለስነው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ምሽጉ ውስጥ የሚረከበን አንድ ሰው እንኳ አጥተን።

እናትህን እንዳባበልክ እኔን አታባብለኝ። ፈጣሪ ጥላውን አያንሳብህ። አለቆችህ መኪናህን ወደዚያው ምሽግ መልሰው ልከውት እንደሆነ ቁርጡን በገዛ እጅህ ጽፈህ፣ ወሩ በገባ በአሥር እንዲደርሰኝ ላክልኝ።

አባትህ