እትዬ ብልቃጥና የተራራው ነጥብ

በቤተሰባችን እትዬ ብልቃጥ የምንላቸው የሸረሪት ተመራማሪዋ አክስታችን፣ ከቀያሽ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአራት ልጆች ሁለተኛዋ ሲሆኑ፣ ከአራቱም ፈሪዋ እርሳቸው ነበሩ። በሩ መቆለፉን ሦስት ጊዜ ሳያዩ አይተኙም፤ ጫማቸውን ሳያራግፉ አያደርጉም። አባታቸው ካርታ ዘርግተው ሲሠሩ፣ ነጥብ ያለ ቦታው ከተቀመጠ ሰው ገደል ይገባል ያሏቸውን እስከ መጨረሻው አልረሱትም።

በ1956 ትምህርት ጀመሩ፤ በ1972 በሥነ ሕይወት ተመርቀው በተፈጥሮ ሙዚየም ተቀጠሩ። የተመደቡት ሸረሪት ክፍል ነበር። በሕይወት ያለች ሸረሪት ሲያዩ ወንበር ላይ የሚወጡ ሰው ነበሩና፣ እናታቸው ይህን ሲሰሙ እንባ እስኪወጣቸው ስቀዋል። ሞታ በብልቃጥ አልኮል ውስጥ የተቀመጠችውን ግን አይፈሩም። በ1975 የብልቃጦቹን መደርደሪያ የሠሩላቸውን አናጢ አገቡ፤ ነርስ የሆነች ሴት ልጅና ሹፌር የሆነ ወንድ ልጅ ወልደዋል።

የሥራቸው ዋና ነገር ተኩላ ሸረሪት ነበረች። ተኩላ ሸረሪት ድር አድርታ አትጠብቅም፤ ሮጣ ታድናለች፤ ልጆቿንም በጀርባዋ አዝላ ትዞራለች። በ1985 አክስታችን፣ እንደ አንድ ይቆጠሩ የነበሩ ሁለት ግራጫ ሸረሪቶችን ከሆዳቸው ሥር ባለች ከሰሊጥ በምታንስ ምልክት ለይተው ሁለት ዝርያ መሆናቸውን አስመዘገቡ። አንዷ የተራራ ናት። ሌላዋ የአሸዋ ናት፤ ከአንድ ወንዝ ዳር በቀር የትም አልተገኘችም።

በ1994 የክፍሉ ኃላፊ ሆኑ። በተሾሙ በሁለተኛው ሳምንት የደረሰባቸውን ባለቤታቸው እንኳ አያውቁም ነበር። የብልቃጥ አልኮል ስለሚተን በየጊዜው ይሞላል፤ ሸረሪቷ ከየት እንደመጣች የሚናገረው ደግሞ በእርሳስ ተጽፎ አብሯት የሚነከረው ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ ሳይከደን ሌላው አይከፈትም። ያን ቀን ሥራ ስለበዛባቸው፣ ገና ያልተመረመሩ ሁለት ብልቃጦች፣ አንዱን ከወንዙ አንዱን ከተራራው የመጣውን፣ በአንድ ጊዜ ከፈቱ። ከመደርደሪያው ኋላ አንዲት የቤት ሸረሪት ወጥታ በእጃቸው ላይ ሮጠች። ሲደነግጡ ከብልቃጦቹ አውጥተው የያዟቸው ሁለቱም ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ወደቁ። የቱ የየትኛው እንደሆነ አላወቁም፤ በግምት መለሷቸው። አዲስ ሹም ነበሩና፣ ፈርተው ዝም አሉ።

ኋላ ሲመረምሩ የተራራው ወረቀት ያለበት ብልቃጥ ውስጥ የአሸዋዋን ሸረሪት አገኙ። የሌላው ብልቃጥ ሸረሪት ዝርያዋ የማይለይ ጨቅላ ስለነበረች ነገሩን አላጠራችላቸውም። ወረቀቶቹ ወድቀው እንደነበር ለመናገር ስለፈሩ፣ በ1997 በታተመው መጽሐፋቸው ካርታ ላይ የአሸዋዋ ሸረሪት ተራራው ላይም ትኖራለች የሚል አንድ ነጥብ ገባ። ከዚያ በኋላ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነባቸው። ስልክ ሲጮህ ይደነግጡ ነበር። ተማሪ ተራራ ልወጣ ነው ካላቸው ያን ሳምንት እህል አይበሉም።

የፈሩት ግን ባልጠበቁት በኩል መጣ። በ2013 የወንዙን ዳር ቆፍሮ አሸዋ ለማውጣት ጥናት ተደረገ። የጥናቱ ኃላፊ የቀድሞ ተማሪያቸው ነበር። የመምህርቱን መጽሐፍ አምኖ፣ ሸረሪቷ ተራራው ላይም ስላለች ወንዙ ቢቆፈር አትጠፋም ብሎ ፈረመ። አክስታችን ይህን ካነበቡ በኋላ፣ በሚያማቸው ጉልበት ሦስት ዓመት በተከታታይ ተራራውን ወጡ። ወንበር ላይ የሚወጡት ሴትዮ በእጃቸው ድንጋይ እየገለበጡ፣ በሕይወት ያለች የአሸዋ ሸረሪት እንድትገኝላቸው እየለመኑ ፈለጉ። አንድም አላገኙም። ስህተታቸውን የሚያርም ደብዳቤ ጽፈው ፈረሙና መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ልባቸው በዚያው ታመመ።

ከማረፋቸው ሁለት ቀን በፊት የመሳቢያውን ቁልፍ ለእህታቸው ልጅ ሰጥተው እንዲህ አሉ፤ «በሕይወት ሳለሁ አልቻልኩም፣ ፈሪ ነኝ። ስቀበር ያ ተማሪዬ መምጣቱ አይቀርም። አንቺ አንብቢልኝ። ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥም አታቋርጪ።» ጥቅምት 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና ታናሽ እህታቸው በሕይወት አሉ።

የእህታቸው ልጅም ይኸው እያነበበች ነው፤ ድምፅዋም እየተንቀጠቀጠ ነው። ቁፋሮው የሚጀመረው የፊታችን ሰኞ ነው። የተፈረመው ደብዳቤ በያዛችሁት ወረቀት ጀርባ ታትሟል፤ ዋናው ቅጂ ከሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ለቆመው ለቀድሞ ተማሪያቸው አሁን ይሰጣል። ቃሉ አጭር ነው፤ ተራራው ላይ ያለው ነጥብ የእኔ ስህተት ነው፣ አጥፉት፤ ሸረሪቷ ያለችው ወንዙ ዳር ብቻ ነው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ፍርሃት በማይደርስበት ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ልብ ይስጠን።